የእልፍነሽ ጣት

«ሳይንስ መስክሯል ብያለሁ! ሳይንስ ከመሰከረ ወዲያ አፉን የሚከፍት ሰው ጠቡ ከኪዳነ ምሕረት ጋር ነው እንጂ ከእኔ ጋር አይደለም! ማለቴ... ኽም... ከእኔም ጋር ነው!»

እንዲህ የሚጮኹት የእንኮይ ሜዳ ኪዳነ ምሕረት የአጥር ኮሚቴ ሊቀ መንበር፣ አያ ገደፋው ናቸው። ሲቆጡ ቀኝ ጣታቸው ሰማይ ይወጋል፣ ግራ እጃቸው ከትከሻቸው የሚንሸራተተውን ጋቢ ያሳድዳል። «ማለቴ» ካሉ ደግሞ ዓይናቸውን ጨፍነው ጉሮሯቸውን ሳይጠርጉ አይቀጥሉም። ፊት ለፊታቸው ዶማዋን ተደግፋ የቆመችው ሸክላ ሠሪዋ እማዋይሽ ናት። ባዶ ቅርጫቷን በእግሯ ወዲህ ወዲያ ትገፋለች።

«የትኛው ሳይንስ ነው አያ ገደፋው? መጥቶ ነበር እንዴ? ምነው እኔ ሳላየው!»

«ልጄ ፎቶውን ለባለሙያዎቹ በስልክ ልኮላቸዋል! ሐሙስ ይመጣሉ!»

«ታዲያ ሳይመጡ መሰከሩ?»

«ቢመጡስ ምን ሊሉ ኖሯል? መስቀሉ እዚያው ላይ ቁጭ ብሏል! ደግሞ አንቺ ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቦታ ዶማ እንዳታሳርፊ። ቅርስ ነው። ሐሙስ ይመዘገባል፣ ዓርብ ይታጠራል። ዞር በይ!»

ዞር አላለችም፣ ግን አልቆፈረችም። ቅርጫቷን ገልብጣ ተቀመጠችበት፣ ወዲያው ተነሣች፣ እንደገና ተቀመጠች። ከቡሬ ወደ ሽንዲ ከሚወስደው መንገድ ወረድ ብሎ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ትልቅ ወይራ እስከ ምንጩ ድረስ ያለው ጥቁር መሬት አፈር ማውጫዋ ነው። እናቷም አያቷም ከዚያው ሲያወጡ ነው የኖሩት። ሌላ አፈር የለም ወይ ትሉ ይሆናል። ሞልቷል! አንዱ ሲተኮስ ይሰነጠቃል፣ አንዱ ደግሞ ውሃ ሲያንጠባጥብ ይውላል። ጋን የሚሆን አፈር እሷ የምታውቀው ይኼን ብቻ ነው። መሬት የላት፣ በሬ የላት፣ ባሏ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ። ይኼ ቦታ ከታጠረ እማዋይሽ እጇን አጣጥፋ ልትቀመጥ ነው።

ነገሩ የመጣው ከዐሥር ቀን በፊት ነው። ወንዶቹ ለአጥሩ ቋሚ ጉድጓድ ሲቆፍሩ ከወይራው አጠገብ ዶማው «ዶ» አለ። ቢጠርጉት የጋን አፍ። ቢቆፍሩት እንከን የሌለው ሙሉ ጋን፣ ሆዱ ላይ መስቀል የተጻፈበት! እልልታው ሽንዲ ድረስ ተሰማ ይላሉ። እኔ አልዋሽም፣ እስከ መኪናው መንገድ ግን ተሰምቷል።

ለምን እልል አይሉ? የእንኮይ ሜዳ ልጅ ጡት ከመጣሉ በፊት የሚሰማት ታሪክ አለቻ። በግራኝ ዘመን አባ ዘወንጌል የሚባሉ መነኩሴ ነበሩ። ጦሩ ሲመጣ የቤተ ክርስቲያኑን መጻሕፍት በጋን ከትተው ከወይራው ሥር ሲቀብሩ፣ ጉም ወርዶ ሰባት ቀን አገሩን ሸፈነው፤ የመጣው ጦር ወይራውንም ሳያየው አለፈ። በኋላ ሰው ገብቶ ቢቆፍር ቢቆፍር ጋኑ ጠፋ። እና አሁን ጋን፣ ከወይራው ሥር፣ መስቀል ያለበት! ውስጡ ደግሞ ጥቁር፣ የደረቀ፣ እንደ ቅጠል የሚፈረፈር ነገር። አያ ገደፋው ጣታቸውን ነክረው አሸተቱና «ብራና ነው! የተቃጠለ ብራና!» ብለው አለቀሱ። ከእንባቸው ጋር «ኽም» ማለታቸውን ግን አልተዉም።

ጋኑ ዕቃ ቤት ገባ። ሰው እየተሰለፈ ይስመው ጀመር። እማዋይሽም ነጠላዋን አጣፍታ ተሰለፈች። ከልቧ ነበር፣ ታሪኩን እንደ ማንም ታምነዋለች፤ ልጅ ሆና ጉም በወረደ ቁጥር ወይራው ሥር ሄዳ አባ ዘወንጌልን ትጠብቃቸው ነበር። ተራዋ ደርሶ ለመሳም ጎንበስ ስትል እጇን በጋኑ ጆሮ ሥር አሳለፈች። ልማድ ነው፣ ሸክላ ሠሪ ጋን በጆሮው ነው የሚይዝ። ጣቶቿ አራት ጉድጓድ ውስጥ ገቡ። ሁለት ጥልቅ፣ አንድ እንደ ነገሩ፣ አንድ ጥልቅ።

ሳትስም ቀጥ ብላ ቀረች። ከኋላዋ ያለችው ሴትዮ «ምነው፣ ተሳለሚና እለፊ እንጂ፣ ብቻሽን ልትጨርሺው ነው?» አለቻት።

አያቷ እልፍነሽ የቀለበት ጣቷን ጫፍ ማጭድ በልቶባት ነበር። የጋን ጆሮ ስታጣብቅ አራት ጣቷን ከሥሩ ትጫናለች፣ ያቺ የተቆረጠችዋ እንደ ነገሩ ትነካዋለች። እናቷ ጣቷ ሙሉ ሆኖ ሳለ ያንኑ ወረሰች። እማዋይሽም ሦስተኛዋን ጣት ሰብሰብ አድርጋ ነው የምትጫን፤ ማንም አላዘዛት፣ እጇ ከልጅነቷ እንዲያ ተማረ። የብራናውም ነገር እንዲያው ነው። ያ የሚፈረፈር ጥቁር ነገር የደረቀ አተላ ከነጌሾው ነው። ጠላ ጠምቃ የማታውቅ ሴት ካለች ትሳሳት፤ ግን ሴቶቹም «ብራና» ሲባሉ ብራና አሉ።

የዚህን ጋን ነገር አያቷ ነግራታለች፤ የተቀበረበትን ቦታ ብቻ አታውቀውም ነበር። በጃንሆይ መጨረሻ ዓመታት የኪዳነ ምሕረት ጽዋ ማኅበርተኞች ጋን አዘዟት። እልፍነሽ ለእመቤቴ ነው ብላ፣ ማንም ሳይላት፣ ሆዱ ላይ መስቀል ጻፈችበት። ማኅበርተኞቹ ጠላውን እስከ አተላው ከጠጡ በኋላ አንዱ ጋኑን ሲያብስ መስቀሉን አየ። «የእነዚህ እጅ መስቀል ይጽፋል?» ተባለ። የእንኮይ ሜዳ ሰው ከእነ እማዋይሽ ማድጋ ውሃ ይጠጣል፣ ከእጃቸው ግን አይቀበልም፤ ዓይናቸው ይበላል ይባላል። ግማሹ ያን ያለውን ሰው ደገፈ፣ ግማሹ ተቆጣ፣ ማኅበሩ እዚያው ፈረሰ። መስቀል ያለበትን ጋን ቤቱ ሊያስገባ ማንም አልደፈረ። ሊሰብረውም አልደፈረ። ለአንድ ዲያቆን ሰጥተው «ቅበረው» አሉት። ያን ቃል የጀመረው ሰው የማን አባት እንደሆኑ ልንገራችሁ? የአያ ገደፋው አባት ናቸው። እኔ የለሁበትም፣ እልፍነሽ ናት ያለችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እማዋይሽን ምን እንደነካት ጎረቤት ሁሉ ጠየቀ። ሸክላው ሳይበስል ከእሳት አውጥታ ሦስት ድስት አፈነዳች። ጅጋ ገበያ ሄዳ ምጣዱን በወጥ ድስት ዋጋ ሸጣ መጣች። በልቧ የሚመላለሰው አንድ ነው። ዝም ካለች አፈሩ ይታጠራል። ከተናገረች ደግሞ፣ በቃ፣ «ዓይኗ ታሪካችንን በላው» ነው የሚባለው። እንዲያ ከተባለ በኋላ አፈር ቢኖርስ ገሏን ማን ይገዛታል? ደግሞ ሌላም ነገር አለ፣ ይቺን ከእኔ በቀር ለማንም አልተናገረችም፦ የእልፍነሽን እጅ ሲስሙት ማየት ደስ ብሏታል።

ጋኑን የቀበረው ያ ዲያቆን ዛሬ መምሬ ይታገሱ ናቸው። ሐሙስ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ቤታቸው ሄደች። አጥር ሥር ፀሐይ ሲሞቁ አገኘቻቸው።

«አባቴ፣ ጋኑን ያውቁታል።»

«የቱን ጋን ልጄ?»

«ስንት ጋን ተገኘና ነው?»

መምሬ ቀስ ብለው ነው የሚናገሩ፣ በየቃሉ መካከል አንድ ዳዊት ይደገማል። «ሕዝቡ... ደስ ብሎታል... ልጄ። በዚህ ዘመን... ደስታ... ከየት ይመጣል?»

«እኔስ ሕዝብ አይደለሁም?»

መምሬ ጭራቸውን አነሡና የሌለ ዝንብ አባረሩ። ስትወጣ ከኋላዋ «ዐሥራ አምስት ዓመቴ ነበር» ሲሉ ሰማቻቸው፤ ዞር ብትል ዓይናቸው ተጨፍኗል።

ሐሙስ መጣ። የአርኪዮሎጂ ባለሙያዋ ሳምሪ ትባላለች፣ ከከተማ፣ መነጽሯን ፀጉሯ ላይ የምትሰካ ቀጭን ልጅ። አያ ገደፋው ጢም የከበበው ሽማግሌ ጠብቀው ኖሮ ቅር አላቸው። ጋኑ ከዕቃ ቤት ወጥቶ ወይራው ሥር በነጭ ጨርቅ ላይ ተቀመጠ። ሕዝቡ ከበበው። አያ ገደፋው ግማሽ ቀን የሚፈጅ ንግግር ጀመሩ፣ ደግነቱ ጋቢያቸው ወደቀና አቋረጣቸው።

ያኔ ነው እማዋይሽ በሰው መሀል ሰንጥቃ የገባችው። በጀርባዋ ያዘለችውን አዲስ ማድጋ አውርዳ ከጋኑ ጎን አስቀመጠችው። የልጅቷን እጅ ያዘችና መጀመሪያ ከማድጋዋ ጆሮ ሥር፣ ቀጥሎ ከጋኑ ጆሮ ሥር አስገባችው።

ሳምሪ እጇን ወዲህ ወዲያ ሦስት ጊዜ አመላለሰች። «ኦኬ... እንትን... ይኼ ያው እጅ ነው! ማለት፣ ያው አሠራር! እማማ፣ ይኼን ማን አስተማረሽ?»

«የዚህ ጋን ባለቤት። አያቴ እልፍነሽ።»

ጫጫታው ሲነሣ የወይራው ወፎች ሁሉ ተነሡ። «አላልኩም! አላልኩም ዓይኗን!» «ታሪካችንን ልትበላው!» አያ ገደፋው ጣታቸውን ሰማይ ሰቅለው ቀሩ። እማዋይሽ ማድጋዋን እንደ ልጅ አቅፋለች።

«ዝም በሉ» አለ አንድ ድምፅ። መምሬ ይታገሱ በመቋሚያቸው ተደግፈው ተነሥተዋል። «ጋኑን... እኔ ነኝ... የቀበርኩት። እልፍነሽ ናት የሠራችው። ዐሥራ አምስት ዓመቴ ነበር።»

አያ ገደፋው ነበሩ ቀድመው ያገገሙ። ወደ ልጅቷ ዞሩ፦ «ማለቴ... ኽም... እና ልጄ፣ ታሪኩ ውሸት ነው ልትይን ነው?»

«ኧረ በፍጹም! እኔ እንዲያ አልልም!»

«እውነት ነው በይና!»

«እሱንም ማለት አልችልም አባባ። ጋን ዕድሜውን ይናገራል። ዕድል ከቀናን ማን እንደሠራው ይናገራል፣ ይኸው እንደ ዛሬ። የአምስት መቶ ዓመት ጋን ብናገኝ እንኳ የአምስት መቶ ዓመት ጋን አገኘን ማለት ነው። ሰባት ቀን ጉም ወርዶ እንደነበር ግን ሸክላ አይናገርም።»

«ስለዚህ አልተካደም!»

«አልተካደም። አልተመሰከረምም።»

«አንዱን ምረጪ እንጂ የኔ ልጅ! ሁለት በሬ በአንድ እጅ ይጎተታል?»

ሰው ሳቀ። መምሬ ግን አልሳቁም፤ አሁንም እንደቆሙ ናቸው። «አባ ዘወንጌል የቀበሩት... ሌላ ነው» አሉ። «እኔ የቀበርኩት... ከላይ ነው። የእሳቸው... ከሥር ይሆናል።»

ይቺን ባይናገሩ ኖሮ እዚህ ላይ ባለቀ! «ከሥር ነው!» አለ ሕዝቡ። ልጅቷ «እባካችሁ፣ ያለ ባለሙያ አትቆፍሩ፣ ፈቃድ ያስፈልጋል» ብላ ለመነች፣ የስልክ ቁጥሯን ሰጠች፣ ፎቶ አነሣች፣ ከጥቁሩ አተላ በላስቲክ ቋጥራ ሄደች። አቧራዋ ሳይረግብ ዶማ ተነሣ።

ሁለት ሳምንት ቆፈሩ። አያ ገደፋው አጥሩን ተዉትና የቁፋሮ ሊቀ መንበር ሆኑ። ጉድጓዱ የቆመ ሰው የሚውጥ ሆነ። የወጣው አፈር ዳር ላይ ተቆለለ፤ እማዋይሽ እየዞረች ታየዋለች። የአፈሩን ነገር ልንገራችሁ? እሷም እናቷም በዶማ ሊደርሱበት ያልቻሉት የጥልቁ አፈር ነው፣ ቅቤ የመሰለ፣ ጥርስ ላይ አሸዋ የሌለበት። ሲመሽላቸው ወንዶቹ ዶማቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ሲሄዱ በቅርጫት ወደ ቤቷ ታመላልሰዋለች። «ጌቶቹ ይኸው ቆፈሩልሽ!» ብትላት አንዷ ጎረቤት፣ እማዋይሽ አልሳቀችም። ጠዋት ጠዋት ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆማ ታያለች። እንዳያገኙ ትሰጋለች፣ እንዲያገኙም ትሰጋለች። አንድ ቀን ዶማው ድንጋይ ሲመታ «ይሁን!» ብላ ጮኸች። ምን ይሁን እንዳለች ራሷም አታውቅም።

ምንም አልተገኘም። ግንቦት አለቀ፣ ሰኔ ዝናብ ሊያመጣ ነው። አንድ ጊዜ ከገባ ጉድጓዱ ኩሬ ሆኖ አፈሩን ይዞት ይሄዳል። አያ ገደፋው ደግሞ ሌላ ነገር ይበላቸዋል። ፍኖተ ሰላም ድረስ ሄደው «ታሪካችን ተረጋገጠ» ብለው ለዘመድ ለወዳጅ ተናግረዋል፣ ለቡሬ ነጋዴዎች ጥሪ አድርገዋል። አሁን ጅጋ ገበያ ሲገቡ «አያ ገደፋው፣ አተላው እንዴት ዋለ?» የሚላቸው አይጠፋም። ቡሬ ላይማ ስማቸው «አያ ጋን» ሆኗል ይባላል። ማን እንዳወጣው አልናገርም።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ እማዋይሽ በር ላይ መጡ። ጋቢያቸው በሥርዓት ተጣፍቷል፣ ጣታቸው ወደ ምድር ነው። ያን ቀን ነው ከእሷ እጅ ውሃ የጠጡት። በዕድሜያቸው የመጀመሪያ ጊዜ። ጣሳውን ተቀብለው ዙሪያውን ካዩ በኋላ ዓይናቸውን ጨፍነው ጨለጡት።

«እማዋይሽ፣ አንድ ጋን ትሠሪልኛለሽ?»

«ለእርስዎማ ምን ገዶኝ።»

«ማለቴ... ኽም... አሮጌ።»

«አሮጌ ጋን እንዴት ይሠራል አያ ገደፋው?»

«በአተላ ነክረሽ፣ በጭስ አጥቁረሽ። አንቺ ታውቂያለሽ። መስቀል ይኑርበት። ከወይራው ጥግ እኔ እቀብረዋለሁ፣ ቆፋሪዎቹ ያወጡታል። ያኔ አጥሩ ወይራውን ብቻ ይከባል። ከወይራው ወዲህ ያለው አፈር ያንቺ ነው፤ እኔ ካለሁ ማንም አይነካሽ። የልጅ ልጅሽ ታወጣዋለች።»

«ውሸት ነው እኮ።»

«አይደለም! ታሪኩ እውነት ነው። አንቺስ አታምኝም?»

«አምናለሁ። እኔ ያላመንኩት ጋኑን ነው።»

«ታዲያ! ለእውነት ጋን ብናበጅለት ምን ነውር አለው? ቤተ ክርስቲያኑንስ በሰው እጅ አይደል የሠራነው?»

እማዋይሽ ጭቃውን ትጨብጣለች፣ ትለቃለች። «እውነት ከሆነ ጋን ለምን አስፈለገው?»

አያ ገደፋው ባዶውን ጣሳ አዩት። ድምፃቸው ሲወጣ የምታውቁት ድምፅ አልነበረም፣ እኔም ልቀዳው አልችልም። «እሱን አይደለም። እኔን ነው ያስፈለገኝ።»

ተነሥተው ሲወጡ ከደጃፉ ዞር አሉ። «ያቺን የአያትሽን ጣት ግን እንዳታደርጊባት። አደራ።»

ሦስት ቀን ጭቃ አልነካችም። መምሬ ይታገሱ ዘንድ ሄዳ ሳትገባ ተመለሰች። የልጅቷን የስልክ ቁጥር ከመቀነቷ ፈትታ አየችው፣ መልሳ ቋጠረችው። በአራተኛው ቀን ከዚያ ከጥልቁ አፈር ወስዳ፣ የገል ዱቄት ደባልቃ አቦካች። የጋኑ ታች ወጣ፣ ሆዱ ወጣ፣ አንገቱ ወጣ። መስቀሉን ስትጽፍ አማተበች። ጆሮዎቹን አጣበቀች፤ ከሥራቸው በጠጠር አለሰለሰችው፣ ጣት አይደለም የዝንብ እግር ያረፈበት አይመስልም። አያ ገደፋው በነጋታው መጥተው ዞረው ዞረው አዩት፣ ጆሮውን ዳሰሱ፣ «ተባረኪ» ብለው ሄዱ።

ሲሄዱ ጠበቀቻቸው። ከዚያ እጅጌዋን እስከ ትከሻዋ ሰብስባ ክንዷን በጋኑ አፍ ሰደደችው፣ ጉንጯ ከርጥቡ አንገት ጋር እስኪጣበቅ። ዓይኗ የትም አያይም። ከውስጥ፣ ዓይን በማይደርስበት፣ እጅ ብቻ በሚደርስበት ቦታ፣ ቀስ ብላ ተጫነች። ሁለት ጥልቅ። አንድ እንደ ነገሩ። አንድ—

«አንቺ!» አለችኝ፣ ክንዷ እዚያው ጋኑ ውስጥ እንዳለ። «ያን ደብተር የት ድረስ ሞላሽው?»

«እስከ ጋኑ ውስጥ» አልኳት።

«አቁሚያ! አያ ገደፋው ባያነቡ ልጃቸው ያነባል። ሌላውን ሁሉ ጻፊ፣ ጣሳውንም ጻፊ፣ ይቺን ግን አትጻፊያት። ምን ትስቂያለሽ? አቁሚ አልኩሽ እኮ!»